ከመስመሩ በላይ ሁለት ጣት

ቁልፉን በሩ ላይ ሰክታችሁ ሳታዞሩት ቆማችሁ ታውቃላችሁ? ከውስጥ የምትጠብቁት አንድ ድምፅ ኖሮ፣ መኖሩን ሳታረጋግጡ መግባት ፈርታችሁ? እኔ ለሁለት ዓመት ያህል በየቀኑ እንዲህ ቆሜያለሁ። የማዳምጠው የአንዲት ትንሽ የውሃ ፓምፕ ድምፅ ነበር። ቆርቆሮ ውስጥ የገባች ንብ ይመስል ዝዝዝ ትላለች። ያ ድምፅ ካለ ዓሣዬ ደህና ናት። ዝም ካለ መብራት ሄዷል ማለት ነው፤ መቼ እንደሄደ ግን አላውቅም። ከአምስት ደቂቃ በፊት ሊሆን ይችላል፤ ጠዋት ልክ ከግቢው እንደወጣሁ ሊሆንም ይችላል። እንዲያ ሲሆን ቁልፉን የያዘው እጄ የሌላ ሰው እጅ ይመስለኛል።

የሳይንስ መምህርት ስለሆንኩ ነገሩን ከመሠረቱ ካላስረዳሁ አይሆንልኝም። ያደግኩት ከላላ በምትባል የደጋ ከተማ ነው። ባሕርን በካርታ እንጂ በዓይኔ አይቼው አላውቅም። አዲስ አበባ ስማር ግን ቅዳሜና እሑድ የጌጥ ዓሣ በሚሸጥበት አንድ ሱቅ ውስጥ እሠራ ነበር። ገንዳ አጥባለሁ፣ ውሃ እቀይራለሁ፣ ዓሦቹን እመግባለሁ። ተመርቄ መካነ ሰላም ስመደብ ባለሱቁ ከመስታወት ገንዳዎቹ ትንሿን ከነፓምፗና ከነውሃ ማሞቂያዋ፣ አንድ ከረጢት የባሕር ጨውና አንዲት ዓሣ ጨምሮ ሰጠኝ። ዓሣዋ ከመሐል ጣቴ አትበልጥም። መላ ሰውነቷ ብርቱካናማ ሆኖ ሦስት ነጭ መቀነት ዞሮባታል። የክንፎቿ ጫፍ በከሰል የተሰመረ ይመስላል።

ባለሱቁ ሲሸኘኝ «አገርሽ ብርድ ነው፤ ይቺ ደግሞ የሞቃት ባሕር ልጅ ናት። ትሞትብሻለች። ስትሞት እንዳታለቅሺ» አለኝ። የፍርሃቴ መጀመሪያ ያቺ ቃል ናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሕይወት ባየኋት ቁጥር «ዛሬም አልሞተችም» እያልኩ ነበር የማያት።

በወፍራም ላስቲክ አድርጌ፣ ላስቲኩን ባልዲ ውስጥ አስቀምጬ፣ ባልዲውን ጭኔ ላይ ይዤ ነው የመጣሁት። ደጎሎ ላይ መኪና ስቀይር አጠገቤ የተቀመጡ ሴት ባልዲውን በጥርጣሬ አዩት።

«ቅቤ ነው?»

«አይደለም እናቴ፣ ዓሣ ናት።»

«ከነነፍሷ?»

«ከነነፍሷ።»

«አንዲት ብቻ?» አሉኝ፤ በጣም አዘኑልኝ። «እንግዲህ ሰው ሲበዛ መረቁን ታበዥዋለሽ።»

መካነ ሰላም የተከራየሁት ክፍል ያለበት ግቢ የአንድ አረጋዊ የዜማ መምህር ነው። የአብነት ተማሪዎች እንደሚጠሯቸው እኔም የኔታ እላቸዋለሁ። ዓይናቸው እየደከመ ስለሄደ ጉባኤውን ለደቀ መዝሙራቸው ትተው፣ አብዛኛውን ቀን በረንዳቸው ላይ ይቀመጣሉ። ገንዳውን አቁሜ መብራቱን ባበራሁበት ቀን ደጃፌ ላይ ቆመው ወደ ውስጥ ተመለከቱ።

«ምንድን ነው እዚያ ጥግ የሚነደው?»

«እሳት አይደለም የኔታ፣ ዓሣ ናት።»

«ዓሣ? ውሃ ውስጥ?»

«ታዲያ ሌላ የት ትኖራለች?»

«ድስት ውስጥም ትኖራለች» አሉና ሳቁ። ከዚያ ቀረብ ብለው ግንባራቸው መስታወቱን ሊነካ እስኪደርስ ጎነበሱ። ቀና ሲሉ ድምፃቸው ተለውጦ ነበር። «የሰው ፊት ከጨለመብኝ ቆየ። አንቺንም የማውቅሽ በድምፅሽ ነው። ይቺ ግን ትታየኛለች።»

ከዚያ በኋላ በየቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ ከበርጩማቸው ጋር ይመጣሉ። እኔ የተማሪዎች ደብተር አርማለሁ፤ ዓሣዬ የቀይ እስክሪብቶዬን ጫፍ ተከትላ በመስታወቱ ላይ ከወዲያ ወዲህ ትላለች፤ የኔታ ደግሞ እሷን ይከተላሉ። ክፍሏ ከክፍሌ የሚጎራበተው የሒሳብ መምህርት ብቅ ስትል ታላግጥብናለች። «ለዓሣ የሞቀ ውሃ፣ ለኔ ቀዝቃዛ ሻወር! እኔንም እዚያ አስገቢኝና ጨው ነስንሺብኝ» ትላለች። የኔታም ቀበል ያደርጉና «አንቺን ለመሸከም የገነት ወንዝ ያስፈልጋል» ይሏታል።

አሁን ስለ ገንዳው ሦስት ነገር ላስረዳችሁ፤ ኋላ የሆነውን ለመረዳት እነዚህ ያስፈልጋሉ።

አንደኛው መስመሩ ነው። የባሕር ውሃ ሲተን የሚሄደው ውሃው ብቻ ነው፤ ጨው አይተንም። ስለዚህ ገንዳው ሲጎድል ውሃው እየበረታ፣ ጨውነቱ እየጨመረ ይሄዳል። የጎደለውን የሚሞሉት ጨው በሌለው ውሃ ነው። ስንት እንደጎደለ ለማወቅ መስታወቱ ላይ በጥቁር ማርከር አንድ መስመር አሰመርኩ። ውሃው ከመስመሩ መውረድም መብለጥም የለበትም። ይህንን ለየኔታ ያስረዳሁት አንድ ሳህን ጨዋማ ውሃ መስኮት ላይ ለአራት ቀን አስቀምጬ ነው። ሳህኑ ሲደርቅ ጣታቸውን አጥቅሰው ቀመሱና «ውሃው አገሩን ለቆ ሄደ፣ ጨው ግን ቤት ጠበቀ» አሉ። ከእኔ ማብራሪያ የሳቸው ይሻላል።

ሁለተኛው ሳጥኑ ነው። ከገንዳው አናት ላይ የማጣሪያ ሳጥን አለ። ፓምፑ ውሃውን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ውሃው በስፖንጅና በጠጠር አልፎ እየተጣራ ተመልሶ ይወርዳል። ሲወርድ አየር ይዞ ስለሚገባ ዓሣዋ የምትተነፍሰው በዚሁ ነው። ስለዚህ ፓምፑ ሲሠራ ጥቂት ሊትር ውሃ ሁልጊዜ ላይ ሳጥኑ ውስጥ ነው።

ሦስተኛው መለኪያው ነው። ከአዲስ አበባ ይዤው የመጣሁት የመስታወት ጨው መለኪያ ባለፈው ክረምት ከእጄ አምልጦ ተሰበረ። መንገድ ተዘግቶ ስለነበር ሌላ ማስመጣት አልተቻለም። ለሁለት ቀን እንቅልፍ አጣሁ፤ ያለ መለኪያ ጨው መጨመር ዓይን ታስሮ ገደል አፋፍ ላይ እንደመሄድ ነው። በሦስተኛው ቀን ራሴ ሠራሁት። ባዶ የመርፌ መድኃኒት ብልቃጥ ወስጄ ትንሽ አሸዋ ጨመርኩበት፤ በጎማ ክዳኑ በኩል ስትሮ አቆምኩና ዙሪያውን የኔታ በሰጡኝ የጧፍ ሰም ደፈንኩት። ብልቃጡ ውሃ ውስጥ ገብቶ ስትሮው ብቻ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ውሃው ጨው ሲበዛበት ስትሮው ከፍ ይላል፣ ሲያንስበት ይሰምጣል። ደህና በሆነው የገንዳዬ ውሃ ላይ የቆመበትን ቦታ በማርከር ምልክት አደረግኩበት። የኔታ ስትሮውን በጣታቸው ዳስሰው «ሰሙ የቤተ ክርስቲያን ነው፤ አይዋሽም» አሉኝ። እኔ ግን የልብስ ሰፊ መቀስ ይዤ ቀዶ ጥገና የገባሁ ያህል ነበር የሚሰማኝ። በእጄ ስለሠራሁት አላመንኩትም።

መብራት ሲሄድ የምናደርገውን የግቢው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ትርፍ ቁልፌ የኔታ ጋ ነው። እኔ ትምህርት ቤት ከሆንኩ ባለቤታቸው ያፈሉትን ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልተው፣ ጠርሙሱን ገንዳው ላይ ያንሳፍፉታል፤ ዙሪያውን ጋቢ ያለብሱታል። አንድ ቀን የሒሳብ መምህርቷ ገንዳውን በጋቢ ተጠቅልሎ አይታ «ወላሂ፣ ይቺ ዓሣ ንስሐ አባት ብቻ ነው የቀራት» ብላለች።

ጳጉሜን ሦስት መጣ። የሩፋኤል ቀን ነው። በዚያ ቀን የሚዘንበው ዝናብ ጠበል እንደሆነ እኛ ዘንድ የማያውቅ የለም። ሕፃናት ራቁታቸውን ዝናቡ ላይ ይሯሯጣሉ፤ ትልልቆቹም ሳይቀሩ ጃንጥላቸውን ያጥፋሉ። ቡሆ ይከፈታል፣ እርሾ ይከፈታል፣ ጠብታ ይገባባቸዋል። በዋዜማው የኔታ ገንዳው ፊት ተቀምጠው «ሩፋኤልና ዓሣ የቆየ ጉዳይ አላቸው» ብለው አጫውተውኝ ነበር። በዓሣ አንበሪ ጀርባ ላይ የታነጸች ቤተ ክርስቲያን ነበረች። አንድ ቀን ዓሣ አንበሪው ሲንቀሳቀስ ሕንፃዋ ተናወጠች፣ ሕዝቡም ጮኸ። መልአኩ በዘንጉ ነክቶ «ጸጥ በል» አለውና ጸጥ አለ። «የኛይቱ ትንሽ ናት፣ ግን ዘመድ ናት» አሉኝ።

በሩፋኤል ዕለት ጠዋት ለአዲሱ ዓመት ምዝገባ ትምህርት ቤት ሄድኩ። አራት ሰዓት አካባቢ መብራት ሄደ። እየመዘገብኩ ያለሁትን ልጅ ስም ሁለት ጊዜ ጻፍኩ። ዝናቡ ሲጀምር ርእሰ መምህሩን አስፈቅጄ ወጣሁ። ሰው ሁሉ ለበረከት ቀስ ብሎ በሚሄድበት ዝናብ ውስጥ እኔ ብቻ እሮጥ ነበር።

ስድስት ሰዓት ላይ ቤት ደርሼ ቁልፉን ሰክቼ ቆምኩ። ዝም ነው።

ከማዶ በረንዳ ላይ የኔታ ኮቴዬን ሰምተው ተጣሩ። «አብሽሪ መምህርት፣ አብሽሪ! ትኩሱን ጠርሙስ ሰጥተናታል። የሩፋኤልም ጠበል ደርሷታል!»

ፊታቸው ላይ ያለው ደስታ ከሩቅ ይታይ ነበር። ገባሁ። ጋቢውን ገለጥኩ። ዓሣዬ ከታች ጥግ ላይ፣ ለመጠለያ ካስቀመጥኩላት የቀንድ አውጣ ቅርፊት አጠገብ ተጠግታ ክንፏን ቀስ ቀስ ታደርጋለች። ብርድ ሲሆን እዚያ ነው የምትሄደው። ከዚያ ዓይኔ መስመሩ ላይ አረፈ።

ውሃው ከመስመሩ በላይ ሁለት ጣት ነበር።

የተሰማኝን በትክክል ልንገራችሁ። አእምሮዬ በሚያስፈራ ፍጥነት ማስላት ጀመረ። ሁለት ጣት ከፍታ፣ በገንዳው ርዝመት፣ በገንዳው ወርድ፤ አምስት ሊትር ያህል። የኔታ አምስት ሊትር የዝናብ ውሃ ጨምረውባታል። የባሕር ዓሣ ጨው በድንገት ሲቀንስባት ውሃው ወደ ሰውነቷ ይገባል፣ ያሳብጣታል። ይህንን በክፍል ውስጥ ድንች በውሃ ነክሬ ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ።

ማድረግ የነበረብኝ አንድ ነገር ነው። ወደ በረንዳው ተሻግሬ «የኔታ፣ ስንት ጨመሩ?» ማለት። አሥር እርምጃ አይሆንም። እስከ ደጃፉ ሄጄም ነበር። ዝናቡ ላይ መዳፋቸውን ዘርግተው፣ የተጠራቀመውን ዓይናቸው ላይ ሲያስነኩ አየኋቸው። ብጠይቃቸው ወዲያው ይገባቸዋል። ሳህኑን የቀመሱ ሰው ናቸው፤ ጨው ያለበት ላይ ዝናብ መጨመር ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ሁለት ጊዜ አያስቡም። የምትታያቸውን አንድ ነገር በገዛ እጃቸው፣ ያውም በጠበል እንደጎዷት ያውቃሉ። ተመለስኩና በሩን ዘጋሁት። ሳያውቁ አስተካክለዋለሁ ብዬ ነው።

መለኪያዬን ገንዳው ላይ አንሳፈፍኩት። ስትሮው ወዲያ ወዲህ ተወዛወዘና ልክ ምልክቱ ላይ ቆመ።

ልክ ምልክቱ ላይ። ውሃው ደህና ነው እያለኝ ነበር። እኔ ግን መስመሩን እያየሁ «የብልቃጥና የሰም ነገር፣ ምኑ ይታመናል» አልኩ። ከገንዳው አንድ ጆግ ውሃ ቀድቼ ለአምስት ሊትር የሚበቃ ጨው ለካሁ፤ በጥብጬ መልሼ አፈሰስኩት። ጥቂት ጠብቄ ስትሮውን አየሁ። ንቅንቅ አላለም። ያን ያህል ጨው ገብቶ ከፍ ካላለ እንግዲያው በእርግጥ ተበላሽቷል አልኩ። ዓሣዬ ከጥጓ ወጥታ በሹል እንቅስቃሴ ዞረችና ተመለሰች። አልበቃትም ማለት ነው ብዬ ሁለተኛ ጆግ ቀዳሁ። የዚያኛውን ጨው አልለካሁትም። በሕይወቴ ሳልለካ ገንዳ ውስጥ የጨመርኩት ያንን ብቻ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል የሒሳብ መምህርቷ ከጎን ክፍል «መብራት መጣ!» ብላ ጮኸች። ፓምፑ ሁለቴ አንኳኳና ዝዝዝ ማለት ጀመረ። እፎይ ብዬ ወደ ገንዳው ዞርኩ።

ውሃው መውረድ ጀመረ። ፓምፑ ወደ ላይ ሲገፋው ሳጥኑ ሞላ፣ ከታች ያለው ቀነሰ። አንድ ጣት ወረደ። ሌላ አንድ ጣት። ከዚያ ቆመ። ጥቁሩ መስመር ላይ፣ እንደ ክር ትክክል።

መብራት በሄደ ቁጥር ሳጥኑ ውስጥ ያለው ውሃ በስፖንጁ በኩል ወደ ገንዳው ይወርዳል። ገንዳው ሁልጊዜ ሁለት ጣት ከፍ ይላል። ይህንን አውቅ ነበር። የኔታን ራሴ አስረድቻቸው አውቃለሁ። ያን ዕለት ግን የጠበሉን ነገር ሰምቼ ስለገባሁ፣ ሁለቱ ጣት የዝናብ ሆነው ታዩኝ።

እዚያው እንደቆምኩ ስትሮው መነሳት ጀመረ። በጥብጬ ያፈሰስኩት ውሃ ከባድ ስለነበር፣ ፓምፑም ቆሞ ስለነበር፣ ሳይደባለቅ ወደ ታች ሰምጦ ተኝቶ ነው የቆየው። ለዚህ ነው ላይ ያለው ስትሮ ንቅንቅ ያላለው። ታች ጥግ ላይ የነበረችው ግን እሷ ናት። አሁን ፓምፑ ሲያማስለው ምልክቱ ከውሃው ወጣ፤ የስንዴ ፍሬ ያህል ከፍ ብሎ ቆመ። ሁለቱንም ጊዜ እውነቱን ነግሮኝ ነበር።

ጮኼ እንዳላለቅስ ሻሼን ነከስኩ። ውሃ በባልዲ አወጣሁ፣ በጀሪካን የነበረውን ንጹሕ ውሃ አሙቄ ትንሽ በትንሽ ጨመርኩ። ስትሮው መውረድ ጀመረ። ቶሎ ባወርደው ሌላ ጉዳት ነው፤ ቀስ ብል ደግሞ ጊዜ የለኝም። አንዱን ጆግ አፍስሼ ሰዓት አያለሁ፣ ሁለተኛውን አፍስሼ ሰዓት አያለሁ። ዓሣዬ ጎኗን ሰጥታ አፏን ትከፍታለች ትዘጋለች። ቀይ እስክሪብቶዬን መስታወቱ ላይ አስጠጋሁላት። ዓይኗ ወደ እሱ የዞረ መሰለኝ። መሰለኝ ነው የምለው፤ እርግጠኛ አይደለሁም።

አሥር ሰዓት ሲሆን የኔታ በርጩማቸውን ይዘው መጡ። እንደ ልማዳቸው ተቀምጠው ወደ ገንዳው ጎነበሱ።

«የት ገባች?»

«ተኝታለች የኔታ፣ ከታች ናት።»

«ዛሬ በበዓሏ ትተኛለች?» አሉና ፈገግ አሉ። ቆይተው ግን ፈገግታቸው ሄደ። የሚፈልጉት ብርቱካናማ ነገር ቦታው ላይ አልነበረም፤ ካለበትም አልተንቀሳቀሰም። ፊታቸውን ከመስታወቱ ሳያነሡ «ልጄ፣ ትንፋሽሽ ልክ አይደለም። ምን ሆናለች?» አሉኝ።

ልመልስላቸው አፌን ስከፍት አፏ መንቀሳቀስ ማቆሙን አየሁ። ውሃው ከሳጥኑ እየወረደ ክንፏን ያወዛውዘው ስለነበር፣ እሷ እያወዛወዘችው እንዳልሆነ ለመቀበል ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ።

«ሞተች የኔታ።»

እኔ ከቀትር ጀምሬ የፈራሁትን ጥያቄ በቀስታ ጠየቁ። «ጠበሉ ነው?»

«አይደለም።»

«ለማጽናናት እንዳትዋሺኝ። ጨውን አሳይተሽኛል።»

«ስንት ጨመሩ የኔታ?» አልኩ። በመጨረሻ ወጣልኝ፤ በስድስት ሰዓት ማለት የነበረብኝን በአሥር ተኩል።

ቀኝ እጃቸውን አንሥተው የሦስት ጣቶቻቸውን ጫፍ አሳዩኝ። «በሥላሴ ስም ሦስት ጠብታ። ለቡሆውም ሦስት፣ ለእርሾውም ሦስት፣ ለሷም ሦስት። ታዲያ ምን መስሎሽ ነበር?»

ሁሉንም ነገርኳቸው። ሁለቱን ጣት፣ ሁለቱን ጆግ፣ ያልለካሁትን ጨው። መለኪያው ሁለት ጊዜ ነግሮኝ ሁለት ጊዜ አላምንም ማለቴን። ስጨርስ በጣም የሚቆጡ መስሎኝ ነበር።

«ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?»

«ፈራሁ።»

«እኔን?»

«እንዳያዝኑ።»

በርጩማው ላይ ቀና ብለው ተቀመጡ። «ዜማ የጠፋበት ተማሪ አለ» አሉ፤ የጉባኤ ድምፃቸው ተመለሰ። «ቆም ብሎ ቢጠይቀኝ ወዲያው እመልሰዋለሁ። እሱ ግን እንዳልሰማበት ድምፁን ከፍ ያደርጋል። እኔ ደግሞ ከፍ ባለ ቁጥር ስህተቱን አጥርቼ እሰማለሁ። አንቺም ዛሬ ያደረግሽው እሱን ነው። በጨው ጮኽሽ።»

ለማስረዳት የሚሆን ቃል ያጣሁበት ቀን ያ ነው።

ትንሽ ቆይተው፣ ከእኔ ይልቅ ለራሳቸው በሚመስል ድምፅ «እንግዲህ ወደየት ልይ?» አሉ። ከቀኑ ነገር ሁሉ የበለጠ ያስፈራችኝ ይቺ ጥያቄ ናት።

ሳይመሽ በግቢው ካለው ጌሾ ሥር ቀበርናት። የሒሳብ መምህርቷ መጥታ ጉድጓዱን ቆፈረች፤ ያን ዕለት አንድም ቀልድ አልወጣትም። የገንዳው ውሃ ተክል ስለሚያደርቅ ከአጥሩ ውጭ ድንጋዩ ላይ ደፋነው። የጎረቤት በቅሎ ለብዙ ቀን እየመጣች ያንን ድንጋይ ስትልስ ትውል ነበር።

የኔታ አሁንም በአሥር ሰዓት ይመጣሉ። እኔ ደብተር አርማለሁ፤ እሳቸው ባዶ ጥጉ አጠገብ ተቀምጠው የማስተምረውን እንዳስረዳቸው ይጠይቁኛል። እኔም በሬ ላይ ቁልፍ ሰክቼ መቆሜን አልተውኩም፤ የሚሰማ ነገር እንደሌለ እያወቅኩ እንኳ ጆሮዬ ይቆማል። መለኪያውን ግን ትምህርት ቤት ወስጄዋለሁ። በዓመቱ የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ ለተማሪዎቼ ያሳየሁት እሱን ነው።

እናንተም ሞክሩት። ትንሽ ብልቃጥ፣ አንድ ቁንጥር አሸዋ፣ አንድ ስትሮና ጥቂት ሰም በቂ ነው። በአንድ ብርጭቆ የዝናብ ውሃ ላይ አንሳፍፉትና የቆመበትን ምልክት አድርጉ። ከዚያ ጀርባችሁን ሰጥታችሁ ዙሩና ከቤታችሁ ሰው አንዱ፣ ከፈለገ ጨው እንዲጨምርበት፣ ካልፈለገም እንዲተወው ንገሩት። ስትመለሱ መጀመሪያ ስትሮውን አንብቡ፤ የሚለውን ሳትጨምሩ ሳትቀንሱ ወረቀት ላይ ጻፉ። ከዚያ ወደ ሰውዬው ዞር በሉና፣ ብታፍሩም ብትፈሩም፣ «ስንት ጨመርክ?» ብላችሁ ጠይቁት።